ቅንጦት ላላችሁኝ ወዳጆቼ፦ ስለ ክፍት መኪናና ስለ ወለጋ መንገድ

በዚህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ፌዴራሊዝም ስጽፍ የቆየሁ ሰው ዛሬ ስለ መኪና ልጽፍ ብነሣ፣ «ይህ ሰው ምን ነካው?» የምትሉ አትጠፉም። ያውም ስለ ሥራ መኪና አይደለም። ሁለት በር ብቻ ስላላት፣ ጣሪያዋ ስለሚከፈት፣ እህል ስለማትጭን፣ ከሌላ ሰው እጅ ስለምትገዛና ከደስታ በቀር ሌላ ምክንያት ስለሌላት መኪና ነው የምጽፈው። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን ነገሩ ያው የምናውቀው የአገር ጉዳይ መሆኑን አሳያችኋለሁ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ከአዲስ አበባ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ነቀምቴ ሄጄ ነበር። ከሦስት የልጅነት ወዳጆቼ ጋር ቡና እየጠጣን ሳለ፣ ለዓመታት ያጠራቀምኋትን ገንዘብ ጣሪያው በሚከፈት አሮጌ መኪና ላይ ላውላት ማሰቤን ነገርኋቸው። የመጀመሪያው መምህር ነው። «ሕዝብ እየተቸገረ አንተ ክፍት መኪና? ይህ ቅንጦት ብቻ ሳይሆን ነውርም ነው» አለኝ። ሁለተኛው ነጋዴ ነው። «ነገ ስትሸጣት ማን ይገዛሃል? ይልቅ ቪትዝ ግዛ» ሲል መከረኝ። ሦስተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁሉም ይቅር፤ ጣሪያህን ከፍተህ የት ልትሄድባት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ለሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ሦስቱንም በየተራ ላንሣቸው።

ቅንጦት የቱ ነው?

በአገራችን መኪና ከመጓጓዣነቱ ይልቅ የሥልጣን ልብስነቱ ይበልጣል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደነበር ሲነገር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ታስቦበት ይሁን ሳይታሰብ፣ ሕዝቡ ነገሩን የተረዳው በአንድ መንገድ ነው፦ ትንሽ መኪና ውስጥ የገባ ሰው ከእንግዲህ ንጉሥ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ቢፈራረቅም ይህ ቋንቋ አልተለወጠም። ዛሬም «ቪ8» ስንል ስለ ሲሊንደር ብዛት አናወራም፤ ስለ ባለሥልጣን እንጂ።

እስቲ በቁጥር እንነጋገር። ብዙ ባለሥልጣን ሲንፈላሰስባት የኖረችው ባለ ስምንት ሲሊንደር የናፍጣ ላንድክሩዘር የሞተሯ መጠን 4,461 ሲሲ፣ ክብደቷም ከሁለት ተኩል ቶን በላይ ነው። በዓለም ላይ ለደስታ ከተሠሩ ባለ ሁለት ወንበር ክፍት መኪኖች ሁሉ በብዛት የተሸጠችው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበችው የጃፓኗ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ መጀመሪያ የወጣችበት ሞተር 1,600 ሲሲ፣ ክብደቷም ከአንድ ቶን በታች ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ መስታወቱን አጨልሞ በመጀመሪያዋ ሲሄድ «ለሥራ ነው» ይባልለታል። ሌላው በራሱ ገንዘብ የሁለተኛዋን ግማሽ ዋጋ እንኳ በማታወጣ አሮጌ መኪና ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ ቢሄድ ግን «ቀበጠ» ይባላል። ለመሆኑ ቅንጦቱ የትኛው ነው?

ለመምህሩ ወዳጄ አንድ ነገር ላስታውሰው። ልጆች ሳለን የታሪክ መምህራችን ቮልስ ነበረቻቸው። አንዳንድ እሑድ ከትምህርት ቤቱ ልጆች አራታችንን ይጭኑና በጊምቢ መንገድ ይዘውን ይወጡ ነበር። መንገዱ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ቁልቁል ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ቆመን ቆላውን አይተን እንመለሳለን። የሚገዛ ዕቃ፣ የሚጠየቅ ዘመድ፣ የሚደረስ ለቅሶ አልነበረም። «ጋሼ፣ ለምን መጣን?» ብንላቸው «ለማየት» ነበር መልሳቸው። ያ ሰው ደመወዙ ከእኔ ወዳጅ ደመወዝ የሚበልጥ አልነበረም። ሀብታምም አልነበሩም፤ ቀበጥም አልነበሩም። ደስታን ለሕዝብ መቸገር ማካካሻ ይሆን ይመስል የሚከለክለን አስተሳሰብ፣ ለተራበው አንድ እንጀራ ሲጨምርለት እስከ ዛሬ አላየሁም።

«ሲሸጥ ያወጣል ወይ?»

ነጋዴው ወዳጄ ሞኝ አይደለም። ብር ዋጋው በሚወርድበት አገር ገንዘቡን ብረት ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ሒሳብ ያውቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ፣ ቀድሞ መኪና የገዛ ሰው ብልህ፣ ባንክ ያስቀመጠ ሰው የዋህ ሆኖ ታየ። ከዚህ የተነሣ መኪና ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ «ትሄዳለች ወይ?» ሳይሆን «ሲሸጥ ያወጣል ወይ?» ሆኗል።

ውጤቱን ግን ተመልከቱ። ቀለሟ ነጭ ወይም ብርማ እንድትሆን እንመርጣለን፤ ቀይ አይሸጥማ! የወንበሩን ላስቲክ ሳንነቅል ዓመታት እንቀመጥበታለን፤ ላባችን ለሚቀጥለው ገዢ ይጠበቅለታልና። በገዛ ገንዘባችን በገዛነው ነገር ውስጥ እንደ ተከራይ እንኖራለን። ይህ የሕዝብ ባሕርይ ነው ብዬ አልወቅስም፤ የገንዘባችን አለመታመን የወለደው ነው። ዳሩ ግን ሁሉን ነገር ለመሸጥ ብቻ የሚገዛ ሰው ምን ጊዜ ይኖራል?

ሕጉ ያከበራት አሮጌ መኪና

ሐሳቤ በመጀመሪያ የሄደው ወደዚያችው ማዝዳ ነበር። በቀድሞው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 ዘመን ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ እንዲህ ይሆን ነበር። ወደብ ድረስ 100,000 ብር የምታወጣ ባለ 1,600 ሲሲ መኪና 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጨመርባት 135,000 ትሆናለች። በዚያ ላይ 60 በመቶ ኤክሳይዝ ሲታከል 216,000፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 248,400፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታከል 273,240 ብር። ይኸውም አንድ መኪና ለራስህ፣ አንድ መኪና ከሦስት ሩብ ለመንግሥት መግዛት ማለት ነው። ታክስ በታክስ ላይ ተደርቦ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ከ1,300 ሲሲ ለማይበልጡ አዳዲስ መኪኖች ኤክሳይዙን ወደ 5 በመቶ ዝቅ ሲያደርግ፣ ባገለገሉት ላይ በዕድሜያቸው ልክ ከፍ እያደረገ ጫነባቸው። የቀረበው ምክንያት የአየር ብክለትና የመንገድ አደጋ ነበር። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። አዲሱን መኪና መግዛት የሚችለው ግን ማን ነው? የነቀምቴ መምህር ነውን? የመካከለኛ ገቢ ሰው የሚደርስበት ያገለገለው ብቻ ነበር፤ እሱ ተዘጋበት። በመጨረሻም በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አቶ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። የማዝዳዬ ነገር በዚያ አበቃ።

እነሆ የሕጉ ፍሬ! አሮጌ መኪናን ለማስወገድ የወጣ ሕግ አሮጌዋን መኪና አከበራት። ከኔ ትውልድ ጋር እኩያ የሆነችው ቶዮታ ኮሮላ፣ ሁላችንም «ዲኤክስ» የምንላት፣ አርባ ዓመት ያህል አገልግላ ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ትጠየቅባታለች። ጭስ የምታወጣው መኪና ከመንገድ አልወጣችም፤ ዋጋዋ ብቻ ወጣ።

የኤሌክትሪክ መኪናን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ለነዳጅ የምናወጣው የውጭ ምንዛሪ ያንገበግበኛል። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝ ነፃ መሆናቸውን ያጨበጨብሁለት ሰው ነኝ። ነገር ግን ፍትሕ የሚባል ነገር አለ። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የፊንጫ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአገር ብርሃን ሲሰጥ ኖሯል። ከወለጋ በስተሰሜን ምዕራብ በጉባ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነቀምቴ ላይ ግን መብራት ሲጠፋ የምናበራው ሻማ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ «ባትሪዬን ደምቢ ዶሎ ላይ እሞላለሁ» ብሎ ተማምኖ የሚወጣ አሽከርካሪ እስካሁን አልገጠመኝም። የቦሌን መንገድ እያዩ የሚወጣ ሕግ የጊምቢን መንገድ አያውቀውም።

የትኛዋ ትመረጥ?

እንግዲህ ምርጫው አስቀድሞ በአገር ውስጥ ካሉት መካከል ነው። ይህን ክፍል የምጽፈው እንደኔ ልባቸው ለተነካ ጥቂት አንባቢያን ነው።

ማዝዳን ወይም መሰሏን አዲስ አበባ ላይ ብታገኟት እንኳ ለወለጋ አትሆንም። ሆዷ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም፤ የመጀመሪያው የፍጥነት መግቻ ላይ ትሰቀላለች። የጨርቅ ጣሪያዋ የዝናቡን ውኃ የሚያወርደው በቀጫጭን ቱቦዎች ነው። እነሱ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውኃው ከበሮቹ ሥር ባለው ብረት ውስጥ ተጠራቅሞ ያበሰብሰዋል። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚጥልባት ነቀምቴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጃፓን የመጣች ከሆነ ደግሞ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መሆን አለመሆኑን፣ ሥራውም በማን እንደተሠራ ማጣራት ግድ ነው።

ዲኤክስ ሁለተኛዋ አማራጭ ናት። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ኢ70 የሚባለው ትውልድ፣ ከኮሮላ ቤተሰብ በሙሉ በኋላ ጎማ የሚገፋ የመጨረሻው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተተካው ትውልድ በአብዛኛው ወደ ፊት ጎማ ዞረ። የኋላ ጎማ የሚገፋው መኪና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መሪው ንጹሕ ነው፤ ወጣቶቻችን ዲኤክስን እንዲህ የሚወዷት በከንቱ አይደለም። መለዋወጫዋ አይጠፋም፤ መካኒኩም ሁሉ ያውቃታል። ጉድለቷ አንድ ነው፦ ጣሪያዋ አይከፈትም። ደላላ «ጣሪያውን ቆርጠን ክፍት እናደርግልሃለን» ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ። የመኪናው አካል ጥንካሬ ጣሪያውን ይጨምራል። ያለ ማጠናከሪያ የተቆረጠ መኪና መሃሉ ይረግባል፤ በሩም አልዘጋ ይላል።

ሦስተኛዋ ቮልስ ናት። እውነተኛዋ ክፍት ቮልስ በጀርመኑ ካርማን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ስትሠራ ከሥሯ በተጨማሪ ብረት የተጠናከረች ነበረች፤ እሷን ማግኘት ግን ወርቅ እንደመቆፈር ነው። ከተራዎቹ መካከል ግን በፋብሪካ የተሠራ፣ በእጅ መዘውር የሚንሸራተት የጣሪያ መስኮት ያላቸው አሉ። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም። ሞተሩን ከካምቢዮዋ ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው።

ነቀምቴ ውስጥ በዚህ ሥራ ያረጁ አንድ መካኒክ አማክሬ ነበር። «ጋሼ፣ ቮልስ ልግዛ?» ብላቸው ሳቁና፣ «ኢልማ ኮ፣ እሷ ውኃ አትጠይቅህም፤ ጆሮ ነው የምትጠይቅህ» አሉኝ። ከዚያም እያሳዩ አስተማሩኝ። ከኋላ ወንበሩ ሥር ባትሪው የሚቀመጥበትን ወለል በእጅህ ዳስስ፤ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እሱ ነው። በበሮቹ ሥር የሚያልፈውን የሙቀት መተላለፊያ ብረት በጣትህ አንኳኳ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የኋላውን መዘውር ይዘህ ወደ ራስህ ሳብ፣ ግፋም፤ ከተንቋቋ ዋናው ዘንግ ላልቷልና ተወው። ከኋላ ወንበሩ ሥር በወለሉ ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆናቸውን ሳታይ አንድ ብር አትክፈል፤ ካልገጠሙ ቦሎ አታገኝም። ውሉም በቃል ሳይሆን በውልና ማስረጃ ፊት ይሁን።

ጉልበቷን በተመለከተ ራሴን አላታልልም። የ1,300 ሲሲዋ ቮልስ ጉልበት ወደ 40 የፈረስ ጉልበት ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ነቀምቴ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛው ይጎድላል። ከዲዴሳ ወደ ላይ ስትወጣ አይሱዙ ሳይቀር ሊቀድማት ይችላል። ግን የሚያስደስት መኪና ማለት ፈጣን መኪና ማለት አይደለም። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተነዳ፣ መንገዱ በእጅና በእግር የሚሰማ መኪና ማለት ነው። የወለጋ መንገድ ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስላል።

ጣሪያ ከፍቶ የት?

አሁን ወደ ሦስተኛው ወዳጄ ልመለስ። ቮልሷን ገዛኋት። ጣሪያዋ በመዘውር ይከፈታል፤ ወለሏ ደኅና ነው፤ ቁጥሮቿም ከሊብሬዋ ጋር ይገጥማሉ። ዛሬ ነቀምቴ በቤተሰቦቼ ግቢ ቆማለች። ልጄን ከጎኔ አስቀምጬ፣ መምህራችን እንዳደረጉት በአንድ እሑድ ወደ ዲዴሳ ጠርዝ ልወስዳት ነበር ምኞቴ።

እስካሁን አልወሰድኋትም። ምክንያቱን የወለጋ ሰው ሳልነግረው ያውቀዋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ኃይሎችና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል በሚደረገው ውጊያ ይህ ምድር ስንቱን አየ! በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ልጅ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ቆየ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚያው በጊምቢ ወረዳ፣ በቶሌ ቀበሌ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች፣ አብዛኞቹ አማሮች፣ ተጨፈጨፉ። በየወረዳው በመንግሥት ታጣቂ እጅ የወደቁትን የኦሮሞ ገበሬዎችም የሚያለቅሱላቸው ቤተሰቦቻቸው አሉ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በታንዛኒያ የተደረጉት ሁለት ዙር ድርድሮች ያለ ስምምነት ተበተኑ። ሾፌሩ ጉዞውን በፀሐይ ይለካል፤ «ከመምሸቱ በፊት ግቡ» የእናቶች ምርቃት ሆኗል።

እንግዲህ «ጣሪያህን ከፍተህ የት ልትሄድባት ነው?» ያለኝ ወዳጄ ስለ መኪና አልጠየቀኝም ነበር። ለነቀምቴ ሰው ክፍት መኪናን ሩቅ ያደረገው ድህነቱ ብቻ አይደለም። ታክሱን ሠርቶ ይከፍለዋል፤ የሕጉንም ክልከላ በአሮጌ ብረት ያልፈዋል። ኬላውንና ጥይቱን ግን በምን ይለፈው?

ሰላም መጣ፣ ልማት መጣ የሚሉ ሪፖርቶችን ሳነብ ከእንግዲህ የራሴ መለኪያ አለኝ። አንድ መምህር በገዛ ገንዘቡ በገዛት አሮጌ መኪና፣ ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ጣሪያውን ከፍቶ፣ ያለ ጉዳይ፣ ከነቀምቴ ጊምቢ ያለውን ወደ 110 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ደርሶ፣ ሲመሽ መመለስ ይችላል ወይ? ኬላ ላይ «ለምን መጣህ?» ሲባል «ለማየት» ብሎ መልሶ ማለፍ ይችላል ወይ? ይህ እስኪሆን ድረስ የቀረው ሁሉ ለኔ ወረቀት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መንግሥት ታክሱን ከመኪናው ዕድሜ ይልቅ በክብደቱና በሞተሩ መጠን ላይ ያድርግ፤ ትንሿን አሮጌ መኪና ሳይሆን ትልቁን ቪ8 ይቅጣ። የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ይግባ ካለም፣ መብራት የሚመነጭባት ወለጋ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ባትሪ መሙያዋን አስቀድማ ታግኝ። መሣሪያ የያዙት ሁሉ ደግሞ፣ መንግሥትም ሆነ ተቃዋሚው፣ ወደተውት ጠረጴዛ ይመለሱ። ለመምህሩ ወዳጄም አንድ ቃል አለኝ፦ ደስታን ነውር ያደረግን ሕዝቦች፣ ደስታችን ሲወሰድብን ለመጮኽ ምን አፍ ይኖረናል?

እስከዚያው ድረስ ቮልሷን በየሳምንቱ እያስነሡ ከግቢ እስከ ከተማው አደባባይ የሚወስዱልኝ ያ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ስልክ ደውለው «ደኅና ናት፤ ጣሪያዋ ግን ዝገት እንዳይይዘው መከፈት አለበት» ይሉኛል። እኔም «ይከፈታል፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ቸር ያገናኘን።